ጋሽ እንድሪስና የሚዛን መንገድ

ጋሽ እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሳስተምር ነው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩን ገፋ አድርጎ በእጁ ጠራኝና «መምህር፣ ጎረቤትህ አረፈ፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለኝ። ወደ ተማሪዎቹ ተመልሼ የጀመርኩትን ልጨርስ ሞከርኩ፤ የቱ ጋር እንደነበርኩ ጠፋብኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቀብር ላይ የሞቱን ምክንያት የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንዱ ደም ግፊት ነው አለ፤ ሌላው ስኳር ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ሐኪም ቤት ሂድ ብዬው ነበር» እያለ ራሱን አመሰገነ። የሐይቅ ሰው ሬሳ ፊት ሐኪም ለመሆን የሚቀድመው የለም። እኔ ግን የጋሽ እንድሪስን በሽታ አውቀዋለሁ። ግድግዳችን አንድ ነበር፤ ያን መንገድም አብሬው ያቀድኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ እንድሪስ ከሐይቅ ደሴ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያችኑ መንገድ ሲነዳ ጉድጓዷን ሁሉ እንደ ገዛ ጥርሱ ያውቃታል። ከመነሳቱ በፊት መዳፉን መሪው ላይ ጭኖ «ቢስሚላህ» ይልና በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ «እናንተም በየፊናችሁ በሉ እንጂ! ዝም ያለ ተሳፋሪ አልጭንም» ይላል። ክርስቲያኑ ያማትባል፤ እስላሙ ዱዓውን ያደርጋል፤ ያኔ ነው ማርሽ የሚያስገባው። ሌላ መኪና ሲቀድም አንድም ቀን አላየሁትም። የቸኮለ ተሳፋሪ ሲነጫነጭበት «ቀድሜ የት ልድረስ ወንድሜ? ደሴ እንደሁ ቆማ ትጠብቀናለች» ይለዋል።

ከኮምቦልቻ ግን አልፎ አያውቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰውም በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ሰመራ፣ መቀሌ፣ ሞያሌ የሚሉ ሹፌሮች «የሐይቁ ካፒቴን» እያሉ ያሾፉበት ነበር። አይቀየምም። «የሐይቃችን ጀልባም ከሐይቁ ወጥታ አታውቅም፤ ዓሣ ግን አላጣንም» ብሎ ይመልስላቸዋል።

አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሐሊማ። ገና ጡት ሳትጥል ክፉኛ ታማ ሁሉም ተስፋ ቆርጦባት ነበር። ያን ሰሞን ጋሽ እንድሪስ ለመስከረም ሃያ አንድ የግሸን ማርያም ተሳላሚዎችን ጭኖ ሲሄድ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እያለቀሰ እንደሚነዳ አይተው ምን ሆንክ አሉት። ነገራቸው። በመኪናው ውስጥ ያሉት አሮጊቶች በሙሉ ስለ ልጅቷ ጸለዩ። እሱም እዚያው መሪውን እንደያዘ «ልጄ ከተረፈችልኝ፣ እድሜዬን ሙሉ በዚህ ቀን አቅም ያጣውን አዛውንት በነጻ አደርሳለሁ፤ በነጻ እመልሳለሁ» ብሎ ተሳለ። ሐሊማ ዳነች። እሱም ቃሉን አንድ ዓመት ሳያጓድል ፈጸመ። በአሥራ ዘጠኝ አሮጊቶቹን ይዞ ይወጣል፤ መኪና እስከሚቆምበት አድርሷቸው እነሱ በእግራቸው ተራራውን ሲወጡ እሱ ከታች ሚኒባሱ ውስጥ እያደረ ይጠብቃል፤ በሃያ ሁለት ይመልሳቸዋል። እናቴ እትዬ ወርቄ ከእነዚያ አሮጊቶች አንዷ ነበረች። እስላም ሆኖ ለማርያም እንዴት ተሳልክ ብሎ የሚጠይቀው እንግዳ ብቻ ነው፤ ወሎ ውስጥ ይሄ ጥያቄ አይደለም።

ሐሊማ አደገች፤ ተማረች፤ አስተማሪ ሆና ሚዛን ተፈሪ ተመደበች። እዚያው አገባች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ድምፁ በጠፋ በሁለተኛው ወር «አባዬ፣ አርግዣለሁ» ብላ ደወለች። ጋሽ እንድሪስ ያን ዕለት አጥሩን ዘሎ ነው የመጣ፤ በር እንዳለን ረስቶት። የደስታውን ያህል ጭንቀቱም አብሮ ገባ። በአገራችን የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናቷ ደግሞ ከመሞቷ በፊት «ልጄን ለመጀመሪያ ወሊዷ ሰው ቤት እንዳትተዋት» ብላ አደራ ሰጥታዋለች። እህቱ እትዬ ዘሀራ የአራሷን ክፍል ልትለቀልቅ ተነሳች። ሐሊማ ግን ሆዷ አስቸግሯት ነበር፤ ሐኪሟ በአውቶቡስ ተጨናንቃ ሁለት ሦስት ቀን እንዳትጓዝ ከልክላታለች። ስለዚህ ጋሽ እንድሪስ የራሱን ሚኒባስ ይዞ፣ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ፍራሽ አንጥፎ፣ ልጁን አስተኝቶ እንዲያመጣ ተወሰነ። ከሐይቅ ሚዛን! ደሴንና ግሸንን እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው!

«መምህር፣ አንተ የዓለምን መንገድ ታስተምር የለ? የእኔን አንዲት መንገድ አሳየኝ» አለኝ። ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኩትና ትልቁን ካርታ ዘረጋሁለት። በጣቴ ከኮምቦልቻ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ፣ ወልቂጤ፣ ጅማ፣ ቦንጋ እያልኩ ሚዛን አደረስኩት። ስንት ክልል እንደሚያቋርጥ ስነግረው ካርታው ላይ አጎነበሰ። ከዚያ «ካርታህ ላይ ኬላው የታለ?» አለኝ።

«ኬላ ካርታ ላይ አይሣልም ጋሼ።»

«እንግዲያ ይሄ ስዕል ነው፤ መንገድ አይደለም» ብሎ ወጣ።

በራሱ መንገድ ተያያዘው። ከመቀሌና ከወልድያ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ሐይቅ ላይ ዓሣ ለመብላት ይቆማሉ። በየምሳ ሰዓቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ይጠይቃቸዋል። የሚጠይቀው ግን ከተማ አይደለም፤ ሰው ነው። «ሮቢት ላይ ማንን ታውቃለህ? ጎማ ቢፈነዳብኝ ማን ዘንድ ልሂድ? ማን ልኮኛል ልበል?» ይላል። የሰማውን ስም ሁሉ የሐሊማ በሆነ አሮጌ የተማሪ ደብተር ላይ እንድጽፍለት ይዞ ይመጣል። ከሚሴ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት፣ ደብረ ሲና ላይ ፍሬን የሚያስተካክል ሰው፣ ጅማ መግቢያ ላይ የወሎ ተወላጅ የሆነ ነጋዴ። «መንገድ ማለት ሰው ነው» ይለኝ ነበር፤ «ሰው የሌለህ አገር መንገዱ ሁሉ ገደል ነው።» ሁለት ወር አጻፈኝ። ሹፌሮቹ ሲያዩት «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሌላ ስም ይጨምሩለታል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ነበር። በዋሻ ውስጥ ነድቶ አያውቅም። «መብራቱ ቢጠፋስ? ውስጡ ጥሩምባ ይነፋል ወይስ ነውር ነው?» ብሎ አንድ ሹፌር ሲጠይቅ ሰውየው የጎረሰው ዓሣ አነቀው። ሁለተኛው ፍርሃቱ አዲስ አበባ ነው። «እዚያ ከተማ የገባ መኪና ይወጣል?» ይለኛል፤ እየቀለደ ይመስለኝ ነበር። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጻፈ፤ ነፍሰ ጡር ልጁን ሊያመጣ እንደሚሄድ የሚገልጽ። ከመስመሩ ውጪ ለመሄድ ልዩ ስምሪት ጠየቀ። ስኮርታ ጎማውን ሁለት አደረገ። ፍሬኑን አሠርቶ ከወር በኋላ እንደገና አሠራው። እኔም ጠንቃቃነት ነው ብዬ አደነቅሁት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፍራሹን አንጥፎ መጣና «ተኛ» አለኝ። «ማን? እኔ?» «ታዲያ እንዴት አድርጌ ልወቅ፣ እንደሚነቀንቅና እንደማይነቀንቅ? አንተ እርጉዝ ነህ፤ ተኛ።» ተኛሁ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው ኮረኮንች ነዳኝ። «ሆድህን ያዝ!» ይጮሃል ከፊት፤ «አመመህ? እውነቱን ተናገር፣ እንደ እርጉዝ ሆነህ ተናገር!» ከገዳሙ አቅጣጫ በእግራቸው የሚመጡ አንድ መነኩሴ አስቆሙንና በመስኮት አጎንብሰው አዩኝ። «ምን ሆኖ ነው?» አሉ። ጋሽ እንድሪስ ፊቱን ሳይለውጥ «ምጥ ይዞት ነው አባ» አላቸው። መነኩሴው አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እሱን አዩና መስቀላቸውን አውጥተው «ማርያም በሽልም ታውጣህ» ብለውኝ አለፉ። ሁለታችንም ሐይቁ ዳር ቆመን እስኪያመን ሳቅን። ትምህርት ተከፍቶ ክፍል ስገባ ወሬው የደረሳቸው ተማሪዎቼ «መምህር፣ ስንተኛ ወርህ ነው?» አሉኝ።

መስከረም አሥራ ሰባት ሁሉም ተዘጋጀ። የነዳጅ ታንኩ ሞልቷል፤ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው። ሐሊማ የምትወልደው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው ተብላለች። ያን ዕለት ጠዋት ከሸዋ በኩል የገባ ሹፌር «ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው፤ እንደ ቅቤ ነው የተንሸራተትኩት። ነገን ግን አላህ ያውቃል» ብሎት ሄደ። መንገድ በዚህ ዘመን እንደ ሱቅ ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ማን እንደሚዘጋው አልጽፍም፤ ዘጊው ብዙ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ወደኛ ቤት መጣ። ከበረንዳው በታች ቆሞ ቆቡን በእጁ እያዞረ «መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ምከረኝ። ዛሬ ልነሳ ወይስ ግሸንን አድርሼ ልነሳ?» አለኝ።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የስንቋን በሶ ትቋጥር ነበር። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያችን ቀን ነው። ቀና ብላ አየችኝ፤ እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። እኔም ብዙ አላሰብኩም። «አምስት ቀን ምን ያመጣል ጋሼ? ስለትህን አድርስ፤ ልብህን አሳርፈህ ትሄዳለህ። ደግሞስ የተሳልከው ለእሷ አይደል? አሁን ብታጓድል ደስ ይልሃል?» አልኩት።

«ሐቅ ነው» አለ። ትከሻው ወረድ ሲል አየሁት። «ሐቅህን ነው። በርሷ ስለት አይቀለድም።»

እትዬ ዘሀራ ይህን ስትሰማ በሩ ላይ ቆማ ጮኸችበት። «ኧረ በነቢ! ስለቱን ሌላ ሰው ያድርስልህ! ልጅቷ ብቻዋን ናት!» አለችው። አልሰማትም። በአሥራ ዘጠኝ ወንበሮቹን መልሶ ገጥሞ እናቴንና ሌሎቹን ጭኖ ሄደ። በሃያ ሁለት ሲመለሱ ውጫሌ ላይ አንድ ሹፌር አስቆማቸው። ከኮምቦልቻ በታች ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል። እናቴ ስትነግረኝ፣ ጋሽ እንድሪስ ያን እንደሰማ ሞተሩን አጥፍቶ ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ብዙ ቆየ። አሮጊቶቹ «ይከፈታል ልጄ፣ ይከፈታል» ሲሉት ቆይቶ ነው የተነሳው።

አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሚኒባሱን ያጥባል፤ ፍራሹን አራግፎ ያነጥፋል፤ ኮምቦልቻ ድረስ ይወርዳል፤ ኬላው ላይ ደብዳቤውን ያሳያል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ሲመለስ እናቴ ፊቱን ላለማየት ወደ ጓዳ ትገባለች። በባቲ ወርዶ በሚሌ በኩል ለመዞርም ሞከረ፤ ከባቲ አለፍ እንዳለ መለሱት። ስልኩም ተቋረጠ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ለምትለው ሴትዮ «እቱ፣ በአላህ፣ እንደምንም አድርገሽ አገናኚኝ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ግን እንባ ይወርድ ነበር።

«አብሽር ጋሼ» እለዋለሁ።

«ያ ጀሊል!» ይላል እሱ። «ያ ጀሊል! ይሄን ኬላ እንዳልፈው ምን ነበረ ክንፍ ብትሰጠኝ!»

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ስልኩ ተመለሰ። ጋሽ እንድሪስ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነበር የደወለ። ያነሳችው የሐሊማ ጎረቤት ናት። ሐሊማ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ምጥ ይዟት ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ደህና ናት። ሐሊማ ግን ደሟ አልቆም ብሎ፣ ወደ ሐኪም ሲያጣድፏት መንገድ ላይ ሕይወቷ አልፏል። ጎረቤቷ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ስትናገር ጋሽ እንድሪስ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም። «እሺ» ይላታል። «እሺ። እሺ።» ሲጨርስ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እትዬ ዘሀራ ጩኸቷን ስታቀልጠው ግቢው በሰው ሞላ፤ እሱ ግን አልጮኸም። አፈሩን በመዳፉ እየደለደለ ቆየ።

መንገዱ ኅዳር ላይ ተከፈተ። በማግሥቱ ብቻውን ተነሳ። «ማንን ልታመጣ ጋሼ? በአውቶቡስ ሂድና መቃብሯን አይተህ ተመለስ» አልነው። እምቢ አለ። ፍራሹን ከመኪናው እንዲያነሳ እትዬ ዘሀራ ለመነችው፤ እሱንም እምቢ አለ። ሄደ። የልጁን መቃብር አየ፤ የልጅ ልጁን ታቀፈ። ሕፃኗን የባሏ እናት ወስደው ያሳድጓት ነበር፤ አልሰጥም አሉት፤ እሱም አልታገላቸውም። በስምንተኛው ቀን ሲመለስ ፍራሹ ላይ የነበረው የሐሊማ ሻንጣ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ደሴም አልነዳ፤ ሚኒባሱን ግቢው ውስጥ አቁሞ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጎማው አየር እያጣ መኪናው ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ።

መስከረም ሲመጣ ስለቱ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የተሳለላት ልጅ ከሞተች ስለቱ የማን ነው? በአሥራ ዘጠኝ ማለዳ የጥሩምባ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ፣ ጎማውን ነፍቶ፣ ወንበሮቹን መልሶ፣ መኪናውን አጥቦ በራችን ላይ ቆሟል። ውስጡ አሮጊቶች ሞልተዋል። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «እንድሪስ ልጄ፣ እኔ አልሄድም። በምን ፊቴ ልሂድ?» አለችው።

«እትዬ ወርቄ፣ እርስዎ ምን አደረጉ? ይነሱ ይልቅ፤ ይረፍድብናል» አላት።

እናቴ ነጠላዋን ልታነሳ ስትገባ ክንዱን ይዤ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኩት። ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን አወጣሁት። «ጋሼ፣ ቆይ ያልኩህ እኔ ነኝ። እናቴ እንዳይቀርባት ብዬ ነው ያስቆየሁህ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ አይደለህም» አለ። «እኔ እኮ አንተ ዘንድ የመጣሁት ቆይ እንደምትለኝ አውቄ ነው። እናትህ ተሳላሚ፣ አንተም ለእናትህ ሟች። ሂድ የሚለኝ ሰው ብፈልግ ዘሀራ እቤቴ ውስጥ ነበረች።»

«ታዲያ ለምን?»

«ፈርቼ ነዋ» አለኝ፤ በሹክሹክታ፣ አሮጊቶቹ እንዳይሰሙት። «መንገዱን ፈርቼ ነው። ዋሻውን፣ አዲስ አበባን፣ የማላውቀውን ኬላ ሁሉ። ሁለት ወር ስም ሳስጽፍህ፣ ፍሬን ሳሠራ፣ ምን የማደርግ መሰለህ? መነሻውን ነበር የማዘገይ። ያን ቀን ቆይ ስትለኝ ደስ አለኝ መምህር። ወላሂ ደስ አለኝ። ሰው ስለቱን አክብሮ ነው ይለኛል፤ እኔ ከስለቴ ኋላ ነው የተደበቅሁ።» ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየና «በኋላ ሄጄ አየሁት እኮ» አለ። «መንገድ ነው። እንደኛው የደሴ መንገድ ያለ መንገድ ነው። ዋሻው ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ አለቀ።»

ሰው ሁሉ ይፈራል፣ የተጻፈ አይቀርም፣ አንተ ቀድመህ ብትሄድስ በምን ታውቃለህ፤ የሚባለው ሁሉ አፌ ላይ መጣ። እሱ ግን አልጠበቀኝም። ተመልሶ የመኪናውን በር ከፈተና እናቴን በብብቷ ደግፎ ከፊት ወንበር አስቀመጣት። ከመሐል ወንበር የነበሩ፣ ከገጠር የመጡና ስለ እሱ ምንም የማያውቁ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«በነጻ ትወስደናለህ አሉኝ፤ ልጆችህን ያኑርልህ የኔ ጌታ» አሉት።

«አሜን እናቴ» አላቸው።